ጦስኝ ስተክል ያገኘኝ መንጋጋ ቆልፍ

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ማኘክ ነበር። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፤ ከቅዳሴ መልስ ማዕድ ቀርቦ ልጎርስ ስል መንጋጋዬ አልከፈት አለኝ። ጠዋትም ከብዶኝ ነበር፤ እህል ስላልቀመስኩ ግን ልብ አላልኩትም። "ብርድ ነው" አልኩ። ባለቤቴ ጥሩነሽ ዳማከሴ ጨምቃ አስሸተተችኝ።

ከሳምንት ገደማ በፊት፣ ደብረ ማርቆስ ባለው ግቢያችን፣ ከጮቄ ተራራ ያመጣኋቸውን ጥቃቅን አበቦች በድንጋይ መካከል እተክል ነበር። ከሁሉም ጦስኝ እወዳለሁ፤ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ሐምራዊ አበባውን ሲያወጣ ሥራ ያስፈታኛል። ፍግ በባዶ እጄ ስሞላ የዛገ ሽቦ መዳፌን ወጋኝ። በሱሪዬ ጠረግሁና ቀጠልኩ።

"ጤና ጣቢያ ሂድና የቴታነስ መርፌ ተወጋ እንጂ!" አለችኝ ጥሩነሽ።

"እርጉዝ ነኝ እንዴ?" ብዬ ሳቅሁባት። ልጆቻችንን ስታረግዝ ስትወጋው ስላየሁ የሴቶች ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መንጋጋዬ በያዘኝ ማግስት አንገቴ ደረቀ። ጥርሴ ገጠመ። ሆስፒታል ወሰዱኝ።

"አባቴ፣ አፍዎን ይክፈቱ" አለችኝ ሐኪሟ። አልቻልኩም። መዳፌን አየች። "ቴታነስ ነው፤ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው። ትንፋሽዎን እንዳይዘጋው ነው የምንፈራው።"

የቴታነሱን መርዝ የሚያከሽፍ አንቲቶክሲን ወጉኝ፤ ቁስሉን ከፍተው አጸዱ፤ ጨለም ያለ ክፍል አስተኙኝ። ድምፅና ብርሃን ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። አንድ በር ጓ አለ። ጀርባዬ ተወጠረ። ትንፋሼ ቆመ። ራሴን ግን አልሳትኩም። ሁሉን እሰማለሁ። መጮህ አልችልም። ፈራሁ። መሞቴ ነው ብዬ በጣም ፈራሁ። ጥሩነሽ ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ውዳሴ ማርያሟን እንኳ በከንፈሯ ብቻ ነበር የምትደግመው። ስታለቅስም ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ነው።

ጡንቻ እንዲያፍታታ የሰጡኝ ዲያዚፓም እየሠራ፣ መኮማተሩም እየራቀና እየቀለለ ሄዶ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ አጥሚት በማንኪያ መዋጥ ጀመርኩ፤ እግሬ ጸንቶ ግቢዬ ስገባም ጥሩነሽ ሰው ልካ ስታስጠጣው የከረመችው ጦስኝ አብቦ ጠበቀኝ።

ሐኪሟንና ነርሶቹን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አፈር የምትነኩ ሁሉ፣ ጓንት አድርጉ። ከተወጋችሁ በሳሙና ታጠቡና በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ። መንጋጋችሁ ሲከብዳችሁ ብርድ ነው ብላችሁ አትቆዩ። "አንዴ መታመም ለሁለተኛው መከላከያ አይሆንዎትም" ብላ ሐኪሟ ለእኔም ክትባቱን አስጀምራኛለች። አሁንም ፍግ ባየሁ ቁጥር እጄን ወደ ኋላ እሸሽጋለሁ።

ጥሩነሽም ፍርሃቷ አለቀቃትም፤ ባዛጋሁ ቁጥር ሥራዋን ትታ አፌን ታያለች። እኔም እስክትጠግብ እንድታይ በደንብ አድርጌ እከፍትላታለሁ።