የፍልሰታ ዓርብ በሐይቁ ዳር

እናቱን ቁርስ ለማብላት ብሎ ሪዞርት የገባ ቤተሰብ ከእኛ በቀር ያለ አይመስለኝም። ሌላው ሰው እዚያ የሚሄደው ለመዋኛው፣ ለጀልባውና ለፎቶው ነው። እኔና ወንድሜ ግን አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በነሐሴ ዝናብ፣ እናትና አባታችንን መኪና ውስጥ አስገብተን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ወዳለው ቅንጡ ቦታ የወሰድናቸው በተንኮል ነው። ተንኮሉም እማዬ ሰው በማያውቃት ቦታ ጧት እህል እንድትቀምስ ማድረግ ነበር።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጧት ከምግብ ጋር እንድትወስድ አዟታል፤ የንስሐ አባቷም «ለበሽተኛ ይፈቀዳል፣ ብዪ» ብለዋታል። እሷ ግን በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አትቀምስም። ዓምና ወደ ቅዳሴ ስትሄድ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወደቀች። በባጃጅ ጭነን ሆስፒታል አደረስናት። ነፍሷን ስታውቅ መጀመሪያ የጠየቀችው ሰዓቱን ነበር፤ ዘጠኝ አልሞላም ስንላት ያቀረብንላትን ሻይ ገፋችው። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ይህ ሌላ ጊዜ ከተደገመ ላትተርፍ እንደምትችል ነገረኝ።

እንዲህ ግትር ያደረጋት የአባቴ ሚስት መሆኗ ነው ብዬ አምን ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ዘጌ ውስጥ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ነው ከእናቴ ጋር ወደ እኔ ቤት የመጡት። ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እናቴም ጭምር። የየኔታ ሚስት በፍልሰታ ጧት ስትበላ ታየች ከሚባል ሞቷን ትመርጣለች፤ ይህን የምለው አጋንኜ ቢሆን ደስ ባለኝ።

በአባቴም ቢሆን ቅር ብሎኛል። አንድ ቀን እንኳ «ብዪ» ብለው አልተቆጧትም። «ፈቃዱ አላት፤ እሷ ታውቃለች» ይሉና ወደ ዳዊታቸው ይመለሳሉ። የመድኃኒቷን መልክ እንኳ ለይተው አያውቁትም እያልኩ፣ አዲስ አበባ ለሚኖረው ወንድሜ በስልክ ሳማርር ነው የሪዞርቱን ሐሳብ ያመጣው፤ እሱም በአውሮፕላን መጣ። በጸጥታው ምክንያት ሩቅ የመኪና መንገድ በማይታሰብበት በዚህ ጊዜ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አልነበረንም። ቅዳሜና እሁድ በጾምም ቢሆን ከቅዳሴ በኋላ ጧት ይቀመሳልና ጭንቃችን ዓርብ ብቻ ነበር። ዓርብን ካሳለፍን ሌላው ይለመዳል አልን።

ክፍላቸው ስንገባ አልጋው ላይ በፎጣ የተሠሩ ሁለት ዳክዬዎች አንገት ለአንገት ተያይዘው ተቀምጠዋል። አባባ ቆመው አዩዋቸው።

«ይህ ፎጣ ምን በድሎ ነው እንዲህ የጠመዘዙት?» አሉ።

እማዬ ፈታችና አጣጥፋ አስቀመጠቻቸው። አንሶላውን ገልጣ መረመረች፤ ንጹሕ መሆኑ ቅር ያሰኛት ይመስል ነቅላ እንደገና አነጠፈችው። አባባ በጾም አልጋ ስለማይወዱ ምንጣፉ ላይ ጋቢያቸውን ዘረጉ። እንዲህ ላለው እንቅልፍ ቤታችንም ምንጣፍ ነበረን ብዬ አጉረመረምኩ።

ከዚያ ግን ዝናቡ ጋብ ሲል በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጣና ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ሣሩ ድረስ መጥቷል። ማዶ የዘጌ ደን ከደመናው ሥር ጥቁር ሆኖ ይታያል። እማዬ የኖረችበትን ቀየ በጣቷ ልታሳየን ሞከረች፤ አባባ እጇን ይዘው ትንሽ ወደ ግራ መለሱላት። እጇን ግን ቶሎ አልለቀቁትም። ወላጆቼን እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም ነበርና ፊቴን ወደ ውኃው አዞርኩ።

ዓርብ ጧት ቁርስ ቤት ወረድን። አዳራሹ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ከእኛ ሌላ ጥግ ላይ የተቀመጡ ባልና ሚስት ብቻ ነበሩ። ወንድሜ ከጾሙ ምግብ ፉሉንም፣ ፍርፍሩንም፣ ትኩሱንም ዳቦ ሰብስቦ እማዬ ፊት ደረደረው። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች ነው።

«ለእናንተ ብየ ተቀመጥሁ እንጅ አልቀምስም» አለች።

«እዚህ ማን ያውቅሻል እማዬ?» አልኳት። «አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ሻይ ይዞ የመጣው አስተናጋጅ ጠረጴዛችን አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎልማሳ ነው፤ ጥቁር ሰደርያ ለብሷል። ሻዩን አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ የአባባን ጉልበት ሳመ።

«የኔታ፣ አላወቁኝም?»

አባባ ትንሽ አሰቡ። «ድምፅህን አወቅሁት። ዜማ ላይ ሁልጊዜ ከጓደኞችህ ትቀድም ነበር። አሁንም ትቸኩላለህ?»

ሰውየው ዘጌ ውስጥ የአባባ ተማሪ ነበረ። «የእናታችንን እንጀራ በልቸ ነው ያደግሁት» ብሎ የእማዬንም ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ፣ ተንኮላችንን ውኃ በላው። ከዚያ ሁሉ ሰው መርጦ እሱን ያመጣብኝን ዕድል በሆዴ ረገምኩ።

እማዬ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። «ልጆቹ ናቸው ያቀረቡት፤ እኔማ ጾመኛ ነኝ» አለችው።

«አውቃለሁ እንጅ፤ ለዘጠኝ ሰዓት አስቀምጥልዎታለሁ» አለና ሳህኑን አነሣ።

«ተወው» አሉ አባባ።

ሰውየው ሳህኑን መለሰና ቆመ። እማዬ አንድ ምክንያት ብቻ ቀርቷታል። «መድኃኒቱንም ቤት ረስቸው መጥቻለሁ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። በንዴት ከወንበሬ ተነሣሁ። ልቆጣት ነው፣ መኪናውን ይዤ ቤት ልሮጥ ነው፣ ራሴም አላውቅም። አባባ በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ። ከዚያ የጋቢያቸውን ጫፍ ፈልገው፣ ቋጠሮውን ቀስ ብለው ፈቱ። የእማዬ ክኒን ነበር።

«ረስተሽው ነበር፤ እኔ ይዠው መጣሁ» አሏት። «ነጩ ጧት ነው፣ ከእህል ጋር። ይኸኛው የማታው ነው።»

መልኩን እንኳ አያውቁትም ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ አየኝ፤ እኔ አላየሁትም።

አባባ አማተቡ፤ ጸሎት አደረሱ። ከዳቦው ቆርሰው ፉሉ ውስጥ ነከር አደረጉና ወደ አፏ ዘረጉላት። ከእሳቸው እጅ ጉርሻ መመለስ እንደማትችል አውቃለሁ፤ በቃ በላችልኝ አልኩ። እሷ ግን በሁለት እጇ ተቀብላ ያዘችው።

«የኔታ፣ ከተጋባን ጀምሮ አብረን ጾመን አብረን ነው የምንቀምስ። እርስዎ ጾመው እኔ ብቻየን አልገድፍም። ዓምናም ያቃተኝ ይኸው ነው።»

ምክንያቷ ጎረቤት አልነበረም። ሐሜትም አልነበረም። ይህን ሁሉ ጊዜ ስንጨቃጨቅ አንዳችንም ለምን ብለን አልጠየቅናትም።

ጉርሻውን ወደ አባባ አፍ አቀረበችው። አባባ ከልጅነታቸው ጀምሮ በፍልሰታ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ቀምሰው አያውቁም፤ ታምመው ተኝተው እንኳ አልቀመሱም። ተማሪያቸው ፊት ለፊት ቆሟል። በመስኮቱ ወደ ዘጌ አዩ፤ ዝናቡ ሸፍኖታል።

«ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖናዬን እኔ እቀበላለሁ» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

ቀስ ብለው አኝከው ዋጡ። ከዚያ ሌላ ቆርሰው አጎረሷት፤ እማዬም ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ በላች። አለቀስኩ፤ ለመደበቅም አልሞከርኩም። አባቴን እንደዚያ ቀን ወድጃቸው አላውቅም። ተማሪያቸው እንደ ቆመ ነበር፤ አባባ ቀና ብለው አዩት።

«ምን ቆመሃል? ሻይ ቅዳላት እንጅ» አሉት። «ስኳር እንዳታደርግበት።»