ከምሰሶው የወረደው ጋቢ

ትናንት ጠዋት ጎረቤቴ ግቢያችን ውስጥ እንዶድ ስትወቅጥ አስነጠሰኝ። የእንዶድ ሽታ አፍንጫ ይቆረቁራል። ነጩ አረፋ ሲነሳ ሳይ፣ እዚህ ደብረ ታቦር በራሴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ከጉና ሥር ያለው ያ ቀዝቃዛ ወንዝ እግሬን የነካኝ መሰለኝ።

ያን ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ነበርኩ። ባሌ ዲያቆን ነበር፤ በቁርባን ነው የተጋባነው፤ ቅስና ሊቀበል ጥቂት ወራት ቀርተውታል። የምንኖረው ከእናቱና ከታላቅ ወንድሙ ጋር ነው። መሬቱ እንደገና ከተደለደለ ወዲህ በወሰን የማይጣላ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ በሬዎቹ አውድማው ላይ ገብሱን ሲያበራዩ፣ የወሰን ተጋሪያችን ከካቡ ጀርባ ተኮሰ። ታላቅ ወንድሙ መንሹን እንደያዘ ገብሱ ላይ ተደፋ። በሬዎቹ መዞራቸውን አልተዉም፤ ባሌ ነው ሮጦ ያስቆማቸው። እኔ ስደርስ ገለባው ቀልቷል። ገዳዩ ወደ ቆላ ሸሸ፤ ታናሽ ወንድሙ ግን ከእኛ ማዶ እዚያው ቀረ።

አማቴ የልጃቸውን ጋቢ አላጠቡም። ደሙ እንደ ቅርፊት እንደደረቀበት የቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። «ደሙ ሳይመለስ ውሃ አይነካውም» አሉ። ከዚያ ወዲያ የምንበላውም፣ የምንጸልየውም ከሱ ሥር ሆነ። ይሸታል፤ ዝንብ ይወረዋል። ባሌ ዳዊቱን ሲደግም ፊቱን ወደ ጋቢው አዙሮ ይቀመጥ ነበር።

ደም የሚጠይቁት ሁሉ የሚጾሙ፣ የሚያስቀድሱ ሰዎች ነበሩ። አቡነ ዘበሰማያትን በአንድ ድምፅ ደግመው ሲያበቁ፣ ከቅጽሩ ውጭ ዛፍ ያስደገፉትን ጠመንጃ አንስተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ባሌ ግን ይቅር ስለማለት የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበር ነበር።

በአርባው ተዝካር አጎቱ ለወንዶቹ ሁሉ ጠላ በዋንጫ ሰጠ። ይህን ሰው ዛሬም ስጽፍ አንቱ ልለው እጄ እምቢ ይለኛል። ባሌን ዘሎት ሄደና መጨረሻ ላይ በተሰነጠቀ ቅል አቀበለው።

«አባ ዲያቆን፣ ሴቶቹ ጋ ሄደህ ጠጣ።»

ወንዶቹ ሳቁ። አልቃሿ ይህን ስትሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

ጠመንጃው ግድግዳ፣ ወንድሙ ከጓዳ፣
ማን ይመልስለት የጀግናውን ዕዳ።

አጎቱ ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረደና ባሌ ጉልበት ላይ ጣለው። «እሑድ የገዳዩ ወንድም ሊያስቀድስ ይመጣል። መንገድ ላይ ትጠብቀዋለህ።»

«እሱ እኮ አልተኮሰም፣ አጎቴ።»

«ደሙ ተኩሷል!»

«ያንሱልኝ» አለ ባሌ። ማንም አላነሳለትም። ራሱ ተነስቶ መልሶ ሰቀለው።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም አፍሬበታለሁ። ውሃ ስቀዳ ሴቶቹ «ቀሚስሽን አውሺው» ይሉኝ ነበር። አንድ ምሽት ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ። ተኩሶ በሆነ ብዬ የተመኘሁበት ቀንም ነበር፤ ይህን በሕይወት ሳለ አልነገርኩትም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ጋቢውን ከምሰሶው አወረደ። አማቴ እየጮሁ ያዙት፤ የእጁን አንጓ ነከሱት። ቀስ ብሎ አስለቀቃቸውና ወንዝ ወረደ፤ እኔም እንዶዱን ይዤ ተከተልኩት። እንዲመለስ ልለምነው ነበር ያሰብኩት።

«ወይ ጉዴ! ዲያቆኑ አጣቢ ሆነ!» አለች ውሃ ከሚቀዱት ሴቶች አንዷ፤ ሌሎቹ ሳቁ። እሱ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። ደሙ ውሃው ውስጥ ሲፈታ እንደ ዝገት ነበር።

አጎቱ ከሁለት ልጆቹ ጋር እየሮጠ ደረሰ። የመጀመሪያው ዱላ የባሌ ጀርባ ላይ፣ ሁለተኛው ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። እጁን አላነሳም፤ በሁለት እጁ ጋቢውን ይዟል። «ልቀቅ!» ይላል አጎቱ። አልለቀቀም። ያን ጊዜ አጎቱ የባሌን ቀኝ እጅ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ እንዳለ በዱላው ደጋግሞ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው።

ባሌ ቀና አለ። ከጆሮው የሚወርደው ደም አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። «ደም ነው የምትሹት? ይኸው! ከዚያው ማህፀን የወጣ ነው።»

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፤ ብቻ ውሃው ውስጥ ነበርኩ፤ ጋቢውን እንዶድ አፍስሼበት እየረገጥኩ፣ እያለቀስኩ። አጎቱ ዱላውን ወደ እኔ አነሳ። ከኋላው አማቴ ነጠላቸውን ጥለው ደረሱና ልጃቸው ላይ ተደፉበት።

«የቀረኝ እሱ ብቻ ነው! እሱንም ሰቅዬ ልየው?»

ዱላው እዚያው አየር ላይ ቀረ።

እሑድ የገዳዩ ወንድም መጣ፤ አስቀድሶ በእግሩ ተመለሰ። የባሌ ቀኝ እጅ ግን ጠሞ ቀረ። መስቀል መጨበጥ በማይችል እጅ ቅስና የለም ተባለ። ዘመድ ፊቱን ስላዞረብን ወደዚህ ወደ ደብረ ታቦር መጣን፤ ገበያው ዳር ጨው እየሸጥን ኖርን። ከብዙ ዓመት በኋላ ይጸጽትህ ይሆን ብዬ ጠየቅኩት።

«ምን ይጸጽተኛል? የጠመመው እጄ ብቻ ነው» አለኝና ሳቀ።

ካለፈው ፋሲካ ወዲህ የለም። ትናንት ጎረቤቴ «እትዬ፣ የጋሼን ጋቢ ይስጡኝ፤ ከኔ ልብስ ጋር ልጠብልዎት» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ለምን እንደተቆጣሁ አልገባትም።

አማቴን ስንት ዓመት ፈረድኩባቸው። ለካስ ያኔ እንዳይታጠብ የፈለጉት ደሙ ብቻ አልነበረም፤ የልጃቸው ጠረንም ነበር።

ጋቢው ከአልጋው ራስጌ ተሰቅሏል። አንድ ጠርዙ ሳስቷል፤ የጠመመ እጁን ብርድ እንዳይነካው ይሸሽግበት የነበረው ነው። ማታ ማታ እጄን እዚያ አስገብቼ አቡነ ዘበሰማያትን እጀምራለሁ። ድምፁ ይሰበር የነበረበት ቦታ ስደርስ እሱን እጠብቀዋለሁ።