ለአባቴ የሚሰደብ ነገር

መጋረጃ ነጋዴ ነኝ። አያት አካባቢ ሱቅ አለኝ፤ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ አልፎ አልፎም የሶፋ ጨርቅ እሸጣለሁ። የተማርኩት መርካቶ ነው። እዚያ ዲፕሎማ የለም፤ ስትሸወድ ከርመህ አልሸወድም ያልክ ቀን ተመርቀሃል። ከተማርኩት ሁሉ የሚበልጠው ታዲያ አንድ ነገር ነው፤ እቃህን የሚያጣጥል ሰው ገዢ ነው። «ይሄም ጨርቅ ሆኖ? በአንድ እጥበት ቀለሙ ይሄዳል» የሚልህ በልቡ ገዝቶ ጨርሷል፤ የቀረው ዋጋው ነው። «ያምራል፣ ጥሩ ነው» ብሎ ፈገግ ያለልህ ግን ሄደ። እሱን በገመድ ጎትተህም አትመልሰው።

አባቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። ተሳቢ ሲነዳ ኖሮ፣ መኪናውን ካቆመ በኋላ ስኳር ዓይኑን ወሰደበት። ከወሎ አምጥቼ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ዘንድ አስቀመጥኩት። ሊፍት የለም። ያን ሁሉ በረሃ ያቋረጠ ሰው ደረጃ አሸነፈው። መጀመሪያ መውረድ ተወ፣ ቀጥሎ ማውራት፣ በመጨረሻ መርፌውን። አመሻሽ ላይ ኢንሱሊኑን ይዤ ስጠጋ ክንዱን ብርድ ልብሱ ውስጥ ይከትና «ይብቃኝ፤ የት ልደርስበት ነው?» ይለኛል።

ሐኪሙ አልደበቀኝም። መርፌውን ካቆመ ብዙ አይቆይም አለኝ። ልቡን የሚይዝለት ነገር ፈልግለት ብሎም ጨመረ፤ ልክ ከሱቅ እንደሚገዛ ነገር። ፊት ለፊቱ ግድግዳ ለሆነ መስኮት እንኳ መጋረጃ ሸጫለሁ። ለገዛ አባቴ ግን አንድ ተጨማሪ ቀን መሸጥ አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ያለ አንድ ቤተ መጻሕፍት መጋረጃ አዘዘኝና መስኮቱን ልለካ ሄድኩ። በሩ አጠገብ «የሠራተኞቻችን ጥቆማ» የሚል መደርደሪያ ቆሟል። መጻሕፍት አሉ፤ የፊልም፣ የተከታታይ ድራማና የፖድካስት ስም የተጻፈባቸው ካርዶችም አሉ። ከየሥሩ የጠቆመው ሠራተኛ ለምን እንደወደደው በእጁ ጽፏል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እኔም ሱቄ በር ላይ የምሰቅለው ሁለት ክረምት አልሸጥ ብሎ የከረመውን ነው፤ ለመጣው ሁሉ «ሰው የሚወስደው ይሄንን ነው» እላለሁ።

ጠረጴዛው ጋ ለተቀመጠችው ልጅ የአባቴን ነገር አጫወትኳትና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

«የኔ እህት፣ በር ላይ ያለውን ተይው። ውስጥ ያስቀመጥሽውን አውጪልኝ።»

«ጋሼ፣ እኛ ጋ ውስጥ የሚባል ነገር የለም» አለች እየሳቀች። «የወደድነውን ነው እዚያ የምናደርገው።»

አላመንኳትም። ደህና እቃ በር ላይ የሚያሰጣ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ ግን የሰጠችኝን ተቀበልኩ።

የመጀመሪያው በድምፅ የተቀዳ ልብ ወለድ ነበር፤ ስለ አንድ የበረሃ ሹፌር። ሹፌር ለሹፌር ብላ አስባ ነው። አባቴ ጥቂት ሰማና «ይሄንን እኔው ኖሬ ጨርሼዋለሁ። ደግሞ ልመለስበት? ነዳጁን ማን ሊችል ነው?» አለ። ተናዶ ክንዱን አውጥቶ ዘረጋልኝ። ወጋሁት።

ቀጥሎ ባልደረባዋ የጠቆመውን ፊልም ላከች። አጠገቡ ቁጭ ብዬ የማየውን እነግረዋለሁ።

«ምነው ዝም አሉ?»

«እየተያዩ ነው፣ አባዬ።»

«እስካሁን?»

«አዎ።»

«ሥራ የላቸውም?»

ያን ምሽትም እያጉረመረመ ተወጋ። ፖድካስቱ ደግሞ ሁለት ወጣቶች ግማሹን በእንግሊዝኛ የሚጨዋወቱበት ነው፤ እርስ በርስ ተሳስቀው አይጠግቡም። «ለራሳቸው ያወራሉ፣ ለራሳቸው ይስቃሉ። እኛን ታዲያ ለምን ጠሩን?» አለ አባቴ። በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ከአልጋው ላይ ሆኖ «ያቺ ልጅ ዛሬ ደግሞ ምን ትልክብን ይሆን?» አለኝ። እኔ የሰማሁት ምሬቱን ብቻ ነው። በሥራዬ የማውቀውን ነገር ቤቴ ውስጥ አላወቅኩትም።

ወሬውን ለልጅቷ ማድረስ ነበረብኝ። የቱንም ያህል ባለዝበው ፊቷ ይለዋወጣል። ነገሩን እንደ እልህ ያዘችው መሰለኝ። አንድ ቀን ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ይሄ መደርደሪያው ላይ የለም። እናቴ ያረፈች ጊዜ ሳዳምጠው የነበረ ትረካ ነው። ለሰው ሰጥቼው አላውቅም።»

በመጨረሻ ከውስጥ አወጣችው ብዬ ደስ አለኝ። ደረጃውን እንደ ወጣት ወጣሁት።

አባቴ ትረካውን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። አላጉረመረመም፣ ምነው ዝም አሉም አላለም። ድምፁ ሲያበቃ ከታች ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል።

«ጥሩ ነው» አለ። «አመስግንልኝ።»

መርፌውን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ክንዱ ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው።

«አባዬ» አልኩት።

«ጥሩ ነው አልኩህ እኮ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ለመንኩት። በአላህ አልኩት። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እንዲህ ሲሆንብኝ ዋጋ እቀንሳለሁ፤ እዚህ የምቀንሰው ነገር የለኝም። ሳይወጋ አደረ።

ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ልጅቷ ገና ከበር ስታየኝ «ወደዱት?» አለች።

«ጥሩ ነው አለ።»

ፊቷ በራ። ደስታዋን ለመቁረጥ ከበደኝ፤ ግን ጊዜ አልነበረኝም።

«የኔ እህት፣ ደህና አድርጎ የሚሰደብ ነገር የለሽም?»

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ አቆመች። የሚያጣጥለውንና ጥሩ ነው ብሎ የሚሄደውን ደንበኛ ነገር ነገርኳት። አባቴ እየተሳደበ ሲወጋ መክረሙን፣ ትናንት ግን አመስግኖ ክንዱን መክተቱን ነገርኳት። ሰማችኝና ወደ መደርደሪያው ሄደች። ካርዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ እዚህ ያለውን ሁሉ አንድ ሰው ወዶታል» አለች። «መጥፎ ነገር እንዴት እንደሚመረጥ አላውቅበትም።»

«እኔም ጥሩው እንዴት እንደሚመረጥ አላውቅም» አልኳት።

ባልደረቦቿን እየዞረች ያናደዳቸው ነገር እንዳለ ጠየቀች። ግራ ተጋቡ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላቸው አያውቅም። በኋላ ሁሉም የተስማሙበት አንድ ተከታታይ ድራማ ተገኘ። ከመሃላቸው እስከ መጨረሻው የቻለው ሰው የለም አሉኝ። እሱን ይዤ ወደ ቤት ከነፍኩ።

አሁን አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ድራማው ተጀምሯል። አንዲት ሴት በማይታወቅ ምክንያት ታለቅሳለች፤ ሙዚቃው ከለቅሶዋ በላይ ይጮኻል፤ አንድ ሰውዬ ከሙዚቃው በላይ ይጮኻል። እኔ ብሆን ስንት ነገር በተናገርኩ። አባቴ ፊቱን ወደ ጣሪያው አድርጎ ተጋድሟል። መርፌው እጄ ውስጥ ሞቋል።

ከንፈሩ የተንቀሳቀሰ መሰለኝና ጠጋ አልኩ። ምንም አላለም።

ምናልባት አልተሰማው ይሆናል ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።