ከወንበር ወርደው የማሉት ዳኛ

ዳኛ ዓንደማርያም ፎርቶ ከሚባለው ምሽግ ሥር የተወለዱ፣ በጣሊያን ጊዜ የችሎት ወለል የጠረጉ፣ በፌዴሬሽኑ ጊዜ በትግርኛ የፈረዱ ሰው ነበሩ። ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ ችሎቱ በአማርኛ ብቻ ይሁን ተባለ። ምን ይደረግ፣ አማርኛውንም ተማሩት። መከራው ሌላ ነበር። ተከሳሽ በትግርኛ ሲናገር ዳኛው እንዳልገባቸው ሆነው አስተርጓሚ መጠበቅ አለባቸው።

አስተርጓሚ ሆኖ የተላከው ጋሻው ደግሞ የባለሥልጣን አማች ነው። በአዳራሹ ውስጥ ትግርኛ የማያውቀው እሱ ብቻ ነበር። የሰው ፊት እያየ ይተረጉማል።

አንድ ቀን ተመልሶ የሚባል የዓዲ ኣበይቶ ባለጋሪ የሻለቃ በቅሎ ሰርቀሃል ተብሎ ቀረበ። እንባው እየወረደ በትግርኛ አስረዳ፤ በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ፣ ከጋሪው ላይ ሣር እየነጨች ቤቱ ድረስ ተከተለችው። እሱ ዞር ብሎም አላየ።

ጋሻው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥፋተኛ ነኝ ይላል።»

«ይህን ሁሉ አውርቶ?» አሉ ዳኛው።

«ክቡር ዳኛ፣ ትግርኛ ረጅም ቋንቋ ነው።»

ሣር ሻጯ ለተሰንበት በቅሎዋ ስትከተለው በዓይኔ አይቻለሁ ብላ መሰከረች። ጋሻው የተቆጣ ፊቷን አየና፣ «አብረን ሰረቅን ትላለች» አለ። ጸሐፊው ጻፈ። በተጻፈው ከተፈረደ ሁለቱም ወህኒ ሊወርዱ ነው።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ከወንበራቸው ወርደው ጋሻው አጠገብ ቆሙና፣ ጮክ ብለው ራሳቸውን በራሳቸው ጠየቁ፤ ራሳቸውም መለሱ።

«ትግርኛ ታውቃለህ?»

«ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው።»

«በትክክል ለመተርጎም ትምላለህ?»

«እምላለሁ።»

ተመልሶን እንደገና አናገሩት። የተናገረውን ለባዶው ወንበር በአማርኛ አስረዱ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጥተው ተቀመጡና፣ ገና አሁን እንደሰማ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለለተሰንበትም እንዲሁ ወረዱ፣ ወጡ።

«ይህ ምን ዓይነት ቲያትር ነው?» ብሎ ሻለቃው ጮኸ።

«ሕግ ነው ሻለቃ፤ ዳኛው ትግርኛ አይሰማም።»

ተመልሶ በነጻ ተለቀቀ። የዳኛው ባለቤት ኣምለሰት ወሬው ሲደርሳት፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንጀራችንን ቆረጥከው!» አለች።

አልተሳሳተችም። ብዙም ሳይቆይ ትእዛዝ መጣ፤ ዓንደማርያም ለትርጉም ሥራ ብቁ ሆነው ስለተገኙ አስተርጓሚ ይሁኑ። የዳኝነቱ ወንበርም መኪናም ለጋሻው ተሰጡ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ችሎት የሚያደርሳቸው ተመልሶ በጋሪው ነው። የሻለቃው በቅሎም ገመዷን በበጠሰች ቁጥር ሣር እየነጨች ትከተላቸዋለች። ዓንደማርያም ዞር ብለው አያዩም።