ዋሪቱና ደመወዝተኛው ወንድሟ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ ምን ይወጣዋል? ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ ወረቀት አምጡልኝ ብዬ ቀመሩን እጽፍላችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ጓዳ እየገባሁ ስንት ጣሳ በቆሎ እንዳለ፣ ጨው በስንት እንደተገዛ፣ ሥጋ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተበላ ስጽፍ ኖርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ መቱ ግቢዬ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው፣ በዚያ ሁሉ ቅጽ ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። ቁጥር ነበር። ሰዎቹ ከቁጥሩ ውጭ ቆመው ይሰድቡን ነበር። ስድቡም ይገባን ነበር።

ከሰዳቢዎቼ ሁሉ የማልረሳት ዋሪቱን ነው።

ያወቅኋት በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ የቤተሰብ ገቢና ወጪ ጥናት ይዤ ከመቱ ወደ ያዮ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ቀበሌዋ በሄድኩ ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት ገና አልሞላትም። ቀኖ የሚባለው ባሏ በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ሞቶባት፣ ልጅ ሳትወልድ ወደ አባቷ ማሳ ተመልሳ፣ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ምርቱን እየተካፈለች ታሳርሳለች። ስደርስ በቆሎ እየፈለፈለች ነበር፤ አልተነሳችም። የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ ሲብስባት ግን ወደ አማርኛ ትዞራለች። የመንግሥት ሰው በአማርኛ ሲቆጡት ቶሎ ይገባዋል ብላ ይሆናል።

«ባለፈው ወር ለሌላ ቤተሰብ የሰጡት እህል አለ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የለም።»

በሩ ሥር አፉ የተሰፋ ጆንያ ቆሟል። «ይሄስ?»

«እሱ የሂካ ነው።»

«ሂካ ማነው?»

«ወንድሜ ነዋ። መቱ ቤት ተከራይቶ ይማራል። በየአሥራ አምስት ቀኑ አደርስለታለሁ።»

«እንግዲያው ለሌላ ቤተሰብ ሰጥተዋል ማለት ነው።»

መፈልፈሏን ተወች። «ሌላ? ሂካ ሌላ ሆነ? ጋሼ፣ የእርስዎ እናት ሲወልዱ አንዱን የራሴ፣ አንዱን የሌላ ይሉ ነበር?»

«ቅጹ ነው እንዲህ የሚለው።»

«ቅጽዎ ወንድም የለውማ፣ በምን ያውቃል። ሌላ ብለው ከጻፉብኝ ከዚህ ግቢ ወረቀትዎን ይዘው አይወጡም።»

አልጻፍኩም። ጆንያው በሙሉ እሷ ራሷ እንደበላችው ሆኖ ተመዘገበ። አጥንቷ የሚቆጠር ሴት የሦስት ሰው ቀለብ የምትጨርስ ጥጋበኛ ገበሬ ሆና ወደ አዲስ አበባ ተላከች። የሂካ ሆድ በወረቀት ላይ የእሷ ሆድ ሆነ። እንደ እሷ ያለ ስንት ቤት እንዳለፈኝ አላውቅም። ቢሮ ተቀምጦ ያን ወረቀት የሚያነብ ሰው ገጠሩ ጠግቦ እንደሚያድር፣ ተማሪው ደግሞ በነፋስ እንደሚኖር ማመን ነበረበት።

እናታቸው የሞተችው ሂካ የሦስት ዓመት ልጅ እያለ ነው። አባትየው ሁለቱን ለማስተማር አቅም ስላልነበረው አንዱን መረጠ፤ ዋሪቱ ቀለም ሳትቆጥር ቀረች። አባት ሲሞት ለሁለቱ የተወላቸው አንድ የበቆሎ ማሳና ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ቡና ነበር። ከቡናው መሃል ሃያ ሁለት እግር የሚሆነው አባትየው ከያዮ ጫካ ቡቃያውን ነቅሎ በትከሻው ያመጣው ነው። የቡና በሽታ ገብቶ የአካባቢውን ፍሬ ሁሉ ገና ሳይበስል ሲያጠቁረው፣ እነዚያን ሃያ ሁለቱን ምንም አልነካቸውም። ለምን እንዳልነካቸው የሚያውቅ የለም። ጎረቤት ሁሉ ባዶውን በቀረበት ዓመት ሂካ ደብተርና ጫማ የተገዛለት ከእነሱ ነው። ኮሌጅ የገባውም፣ ሥራ ሲያመለክት የለበሰው ኮት የተገዛውም ከእነሱ ነው። ዋሪቱ ዛፎቹን በስም ባትጠራቸውም ስታልፍ በእጇ ነካ ሳታደርግ አታልፍም ነበር፤ ከብት እንደሚነካ።

ሂካ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረ። ጥሩ የምትባል ያገሩን ልጅ አግብቶ ቤት ሲፈልግ ሰርቪሴን አከራየሁት። ሁለት ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ሚስማር እንዳይመታ ነግሬዋለሁ። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላም ኪራይ እጨምራለሁ፤ ሁሉም ስለሚጨምር እጨምራለሁ። ዋሪቱ በገበያ ቀን ጆንያዋን አዝላ ትመጣለች፣ ታራግፋለች፣ ውኃ ጠጥታ ትሄዳለች። ጥሩ፣ ዋሪቱ የተቀመጠችበትን ፍራሽ ከሄደች በኋላ ደጅ አውጥታ ስታራግፈው አይቻለሁ።

ሁሉም ነገር በተወደደበት ዓመት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ዋሪቱ ያለ ጆንያ መጣች። ማዳበሪያ ከአቅሟ በላይ ሆኖባት ሂካ ግማሽ ኩንታል እንዲገዛላት ልትጠይቅ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ልመናዋ ይመስለኛል። እኔ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ፤ ግቢው ጠባብ ነው፣ ሁሉም ይሰማል።

«እትዬ፣ ደመወዜ እኮ ወር አያደርሰኝም» አለ ሂካ።

«ደመወዝ ምን አለበት? ዝናብ አይጠብቅ፣ ዝንጀሮ አይበላው፣ በሠላሳ ቀኑ ይመጣል። እኔ በሠላሳ ቀን የሚመጣልኝ ምንድን ነው?»

ጥሩ ደጃፉ ላይ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ቀና ሳትል ገባችበት። «እናንተማ ምን ጎደላችሁ፤ ጎመኑ ከጓሮ፣ እንቁላሉ ከቤት፣ እንጨቱ ከጫካ። ኪራይ አታውቁ፣ ቆጣሪ አታውቁ። እኛ ውኃ እንኳ በጀሪካን ገዝተን ነው የምንጠጣው።»

«የበላሽውን በቆሎስ? እሱም በጀሪካን ነው የመጣው?»

ሂካ ሳያስበው ሳቀ። ሚስቱ የጨመቀችውን ልብስ ገንዳው ውስጥ መልሳ ወረወረችው፤ አረፋው ሱሪው ላይ ተረጨ፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ቁጣ ዞረ።

«አንቺ ባለመሬት ነሽ» አላት። «እኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሚስማር የምመታበት ግድግዳ የለኝም። ማን ነው ሀብታሙ? ሰው ፊት ወንድሜ ደመወዝተኛ ነው እያልሽ ትኩራሪያለሽ፣ እዚህ መጥተሽ ደግሞ ታሳቅቂኛለሽ።»

«መቼ ነው ያሳቀቅሁህ?»

«ጆንያውን ባስቀመጥሽ ቁጥር። ስንት ዓመት ነው የምትቆጥሪብኝ?»

«እኔ ቆጥሬ አላውቅም። የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው» አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች።

ተነስቼ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ውስጥ ሆኜ ማሰብ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እሱ የእሷን ሀብት የሚለካው እሱ በሌለው መሬት ነው፤ እሷም የእሱን የምትለካው እሷ በሌላት ወር መጨረሻ ነው። እሷ የምታመርተውን በርካሽ ስትሸጥ፣ እሱ ያንኑ እህል ከነጋዴው በውድ ሲገዛ፣ ልዩነቱ የሚገባው እነሱ በማያዩት ኪስ ነው። ከእነዚያ ኪሶች አንዱ፣ ኪራይ ተቀባዩ፣ የእኔ ነበር። ያን ቀን ይህን ወጥቼ አልነገርኳቸውም። ፈላስፋ መሆን ቤት ዘግቶ ሲሆን ይቀላል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም።

ከተማው ግን ወደ እሷ እየሄደ ነበር። አንድ ቀን ማሳዋ ጥግ ላይ ቀይ የተቀባ ችካል ተተከለ፣ ቀጥሎ በቡናው መሃል ሌላ፤ ቀበሌዋ ከአሁን በኋላ ከተማ ነው ተባለ። ያው ጭቃ፣ ያው ጨለማ፣ ያው የምንጭ ውኃ፤ ስሙ ብቻ ከተማ። ገማቾች መጥተው ዛፍ ቆጠሩ፣ ካሳ ተከፈላት፣ መሬቱም በዕጣ ለአንድ የደመወዝተኞች የመኖሪያ ቤት ማኅበር ተሰጠ። የአባላቱ ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ዋሪቱ እኔን ፈልጋ መጣች።

«ያንብቡልኝ። ማን እንደሚተኛበት ልወቅ።»

አብሬያት ሄጄ አነበብኩላት። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ዘለልኩ።

«ምን ዘለሉ?»

«ምንም።»

«ጋሼ ወልደ የሱስ፣ ማንበብ ባልችልም መቁጠር እችላለሁ። ጣትዎ አንድ መስመር ዘሏል።»

ጣቴን ከወረቀቱ አነሳሁ። እሷ ግን መስመሩን አተኩራ አየችው፤ ፊደሉን ባታውቀውም የማን እንደሆነ አውቃለች። አላለቀሰችም፣ አልረገመችም። «እሺ፣ ቤት ይሥራ» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

መሬቱን ለማስመለስ አልሞከረችም፤ ይህን የምጽፈው በኋላ ስለ እሷ የተወራው ሌላ ስለሆነ ነው። ያሰበችው እንዲህ ነበር። ያዮ አጠገብ ኢብሴ የምትባል የእናቷ ዘመድ ከጫካው ጥግ ያለ ባዶ ቦታ እንድታለማ ፈቅዳላታለች። ካሳው ጎጆ ይሠራላታል፣ ችግኝ እስኪደርስ ያኖራታል። የጎደላት ዘር ብቻ ነው፤ በሽታ የማይነካቸው የእነዚያ የሃያ ሁለቱ ዛፎች ዘር። ለዘር የሚሆነው ደግሞ በደንብ የቀላ ፍሬ ነው። አረንጓዴው ቢተከል አይበቅልም፤ ቦታውን የሚጠርገው ዶዘር በመጣበት በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ዛፎቹ ላይ የነበረው አረንጓዴ ፍሬ ነው። ለመቅላት አርባ ቀን ያህል ይቀረዋል።

ያን ጠዋት የማኅበሩ አባላት ጃንጥላና ቦት ጫማ ይዘው ተሰብስበዋል። እኔም ሄጄ ነበር። ለሂካ አዝኜ አልነበረም የሄድኩት፤ የተሻለ የሚከፍል ተከራይ አግኝቼ ስለነበር ሂካን ከመስቀል በኋላ ወይ በአዲሱ ዋጋ ይክፈል ወይ ይልቀቅ ብዬዋለሁ፤ ቤቴ መቼ እንደሚለቀቅ ለማየት ነው የሄድኩት። ዋሪቱ ከዛፎቹ ፊት ቆማለች። ማጭድም ዱላም አልያዘችም። ባዶ እጇን ናት።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ጨዋ ሰው ነው፤ ፋይሉን ገልጦ አሳያት። «ካሳው ላይ ፍሬውም ተገምቷል፣ እናቴ። ደግሞ ለቅመው ቢወስዱ ሁለት ጊዜ መጠቀም ይሆናል።»

«የምሸጠው አይደለም። የምተክለው ነው።»

«ችግኝ የትም ይገኛል።»

«የትም የሚገኘውንማ በሽታ በልቶታል።»

ሰብሳቢው የመረከቢያው ጊዜ መስከረም ሠላሳ እንደሚያበቃ፣ ቦታው ጸድቶ ካልተረከቡት ዕጣው እንደሚሰረዝ ነገራት። ከኋላ አንዲት ሴት አባል «ሃያ ዛፍ ነው እኮ፤ ሌላውን ብናጸዳና ጥቂት ቀን እንዲታገሡን ደብዳቤ ብንጽፍስ? የሂካ እህት አይደለች? እሱ ካለ እኔ እስማማለሁ» አለች። አንድ ሁለት ሰው ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሁሉም ወደ ሂካ ዞረ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው፣ ያውም ከእሱ።

ሂካ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ጥሩን አየ፤ ጥሩ ችካሉን ታያለች። «ለእኔ ዘመድ ተብሎ ማኅበሩ ይፍረስ አልልም» አለ። ሰው ፊት እንዲሰማ ጮክ አድርጎ ነው ያለው። ወደ እህቱ ዞረና ሕይወቱን ሙሉ እትዬ ሲላት የኖረውን ሴት «ዋሪቱ፣ ከመንገዱ ዞር በይ» አላት።

ሴትዮዋም ራሳቸውን የነቀነቁትም ሁለተኛ አልተናገሩም። ዋሪቱ ወደ ዶዘሩ ሄዳ ሹፌሩን ለመነችው፤ «እኔ የታዘዝኩትን ነው፣ እናቴ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣች። ጸጉሬ ነጭ ነው፣ እዚያ ከቆሙት ሁሉ በዕድሜ እበልጣለሁ፤ እኔ ብናገር የሚያፍሩ ሰዎች ነበሩ። ለሂካም ኪራዩ ይቆይልህ ብለው ኖሮ ሌላ መልስ ይሰጥ እንደነበር አልጠራጠርም። ጫማዬ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በእንጨት ፋቅሁ።

ዶዘሩ ሃያ ሁለቱን ዛፍ ለመንቀል ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀበትም።

ዋሪቱ አሁን ያዮ ናት። ኢብሴ በሰጠቻት ቦታ ላይ በቆሎ ዘርታለች፤ በመከር የሰው ቡና በቀን ሂሳብ ትለቅማለች። መቱ ውስጥ ካሳ በልታ መሬት አልለቅም ያለች ሴት ተብላ ነው የምትታወቀው። ሂካ ግድግዳ አቁሟል። እኔም አዲስ ተከራይ አስገብቻለሁ። ያን ጠዋት ለሰብሳቢው፣ ለወንድሟ፣ ለሹፌሩ፣ በመጨረሻም ለእኔ፣ በየተራ፣ አንዲት ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ያለችው ይህንኑ ነበር፦

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ ሃያ ሁለቱን ብቻ አርባ ቀን ተዉልኝ። ሌላውን ሁሉ ጥረጉት። እዚሁ ሥራቸው እየተኛሁ እጠብቃለሁ፤ ቀልተው አንድ ቁና ከለቀምኩ፣ እኔው ራሴ ቆርጬ አስረክባችኋለሁ።»