ሐሙስ ከሰዓት

ልብስ ሰፊው ጓዴ ሰው ማስቸገር አይወድም። ቢቸና ገበያው መግቢያ ላይ ካለች በረንዳ የስፌት መኪናውን ተክሎ ሲሰፋ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ደንበኛ ያሰፋውን ልብስ ሳይወስድ ቢከርምበት እንኳ ሰው ልኮ አያስጠራም። "ሲመቸው ይመጣል" ይላል። ሚስቱ ይርገዱ በዚህ ጠባዩ ትስቅበታለች።

"አንተኮ ቤትህ ቢቃጠል፣ ጎረቤት ምሳ ላይ ነው ብለህ ዝም የምትል ሰው ነህ" ትለዋለች።

እሱም አብሯት ይስቃል። ወሬውም ሳቁም የእሷ ነው፤ እሱ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ማዳመጥ ይወዳል።

ልጃቸው አንድ ነው። ከእሱ በፊት የወለዷቸው ሁለቱ አልበረከቱላቸውም፤ ሦስተኛው ሲያድግላቸው ስጦታው አሉት። ስጦታው በትምህርቱ ገፋ፣ ባሕር ማዶ ደርሶ ተመለሰ፣ ዶክተር ተባለ። የሰው ሐኪም አይደለም፤ አፈር ነው የሚመረምረው። አዲስ አበባ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ነው። ይርገዱ ይህን ሁሉ ለማያውቃት ሰው ሳይቀር ትናገራለች። ጓዴ ግን ሰው ሲጠይቀው "ደህና ነው፤ ሥራ ይበዛበታል" ብቻ ይላል።

ሥራ እንደሚበዛበት በዓይኑ አይቷል። አንድ ጊዜ፣ ለልጁ ኮት ሰፍቶ፣ ሳይደውል ሄደ። ድንገት ደርሶ ሊያስደስተው ነበር። ጥበቃውን ጠይቆ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ከቢሮው ደጃፍ ሲደርስ ተማሪዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው አገኘ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ "ተማሪ የማነጋግረው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ያለ ቀጠሮ መግባት አይቻልም።" ጓዴ አነበበው። ቀኑ ሐሙስ በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰገነና ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠ።

አጠገቡ የነበረችው መክሊት የምትባል ተማሪ "አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለችው።

"ዶክተርን።"

"ቀጠሮ አለዎት?"

"የለኝም፣ ልጄ።"

መክሊት አዘነችለት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ዶክተሩ የሚወዱትንና የማይወዱትን ነገረችው። አስቀድሞ መልእክት መላክ ነው። ለምን እንደፈለጓቸው በአንድ መስመር መጻፍ፤ ዝም ብሎ "ላገኝዎት እፈልጋለሁ" ማለት ያናድዳቸዋል። የሚመችዎትን ሁለት ሦስት ቀን ሰጥቶ ምርጫውን ለእሳቸው መተው። መልስ ሲዘገይ ደጋግሞ አለመደወል። የተቀጠሩ ቀን ቀደም ብሎ መድረስ፣ ነገር አለማንዛዛት፣ ሲጨርሱ አመስግኖ መውጣት።

"ክፉ ሰው ሆነው አይደለም" አለች። "ጊዜ ነው የሌላቸው። ቀጠሮ ከሰጡ ግን አንድ ቀን አዛብተው አያውቁም።"

ጓዴ በልጁ ኮራ። አባቱ መሆኑን ግን አልነገራትም፤ በልጁ ስም ተራ የሚቀማ እንዳይመስልበት ፈራ። ተራው እስኪደርስ ጠበቀ። በሩን አንኳኩቶ ሲገባ ስጦታው ቀና ሳይል "አጭር ይሁን" አለ። ከዚያ ቀና አለ።

"አባ! ምነው? ምን ሆናችሁ? ለምን አልደወሉልኝም?"

የዚያን ዕለት ማታ ራት እየበሉ ስጦታው በትሕትና አስረዳው። ጠዋት ክፍል ውስጥ ነው፣ ስልኩ ድምፅ የለውም፤ ከሰዓት ስብሰባ አለ። "አባ፣ መጀመሪያ መልእክት ይላኩልኝ። ጉዳዩን ይጻፉት። አስቸኳይ ከሆነ አስቸኳይ ይበሉኝ፣ ያለሁበትን ጥዬ እደውላለሁ። ካልሆነ ሲመቸኝ እደውላለሁ።"

"ገባኝ" አለ ጓዴ። "ደግሞ ልክ ነህ።"

አስቸኳይ የሚለውን ቃል የተጠቀመበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይርገዱ ልጇን በክፉ ሕልም አይታው፣ አላስቀምጥ አላስበላ ስትለው "አስቸኳይ ነው" ብሎ ጻፈ። ስጦታው ወዲያው ደወለ። የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እየተገመገመ፣ ገምጋሚዎቹን አስቀምጦ ነበር የወጣው።

"ማን ታመመ አባ?"

"ማንም። እናትህ በሕልሟ…"

"አባ" አለ ልጁ፣ ቁጣውን ዋጥ አድርጎ፣ "ሰው አስቀምጬ ነው የወጣሁት። እንዲህ ከሆነ ሌላ ጊዜ እውነት አስቸኳይ ሲሆን እንዴት ላውቅ ነው?"

ጓዴ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል አልጻፈም። ሕጉን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞ ይርገዱንም አስጠናት። ስልክ ሲመጣ የምትለውን አስቀድማ ታዘጋጃለች፤ መጀመሪያ ዋናውን፣ ከዚያ ሰላምታውን። ረጅም ወሬ የለመደ አንደበቷ በመሀል ሲያመልጣት ጓዴ ክንዷን ነካ ያደርጋታል።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ይርገዱን ድካም ያዛት። መጀመሪያ ከጓሮ እስከ ቤት ስትመጣ አረፍ ትል ጀመር፤ ኋላ እግሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። የልብ ድካም ነው አሏት። እህቷ ሰገነት ሞጣ ስለምትኖር፣ እሷ ዘንድ ሆና እንድትታከም ተስማሙ። ጓዴ በረንዳውን ዘግቶ አብሯት ሄደ። የሰገነት ጎረቤት ይማም የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ጓዴ ጨርቅ የሚገዛው ከእሱ ነው፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ። በራሱ ፒካፕ ወደ ሕክምና የሚያመላልሳት እሱ ነበር።

አንድ ቀን ሐኪሙ ጓዴን ለብቻው ጠራው። "ልጅ አላችሁ?" አለው። "አለን" ሲለው "ቢመጣ ጥሩ ነው" አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ጓዴ ወጥቶ ከሐኪም ቤቱ ግንብ ሥር ተቀመጠ። ስልኩን አወጣ። አስቸኳይ የሚለውን ቃል ጻፈው። አየው። አጠፋው።

ገብቶ ይርገዱን ጠየቃት። "ለስጦታው ልንገረው?"

"ፈተና ላይ ነው ብለህ የለ?"

"ነው።"

"እንግዲያው አትረብሸው። ድምፁን ብቻ ልስማ። ሲመቸው።"

ጓዴም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "እናትህ ትንሽ አሟታል። ሞጣ ነን። ድምፅህን መስማት ትፈልጋለች። ሲመችህ ደውል።" ጉዳዩን በአንድ መስመር አስቀምጧል፤ ቀኑን ለልጁ ትቷል። "ትንሽ" የምትለዋን ግን ማንም ሳያስተምረው ከራሱ ጨመራት።

መልሱ ማታ መጣ፦ "አይዟችሁ አባ። ፈተና እያረምኩ ነው፤ እሑድ እመጣለሁ። ሐሙስ ከሰዓት እደውልና በሰፊው እናወራለን።"

ይማም መልእክቱን ሲያነብ ቆጣ አለ። "ጓዴ፣ ይሄ ልጅ እኮ አልገባውም። ምን ብለህ ነው የጻፍክለት? ቆይ እኔ ልደውልለት።"

"ተው። ቀጠሮ ሰጥቷል። ከሰጠ አያዛባም።"

"እሷ ግን ቀጠሮ የሰጠች ይመስልሃል?"

ጓዴ ስልኩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

ይርገዱ ሐሙስን ስትሰማ ነፍስ ዘራች። እህቷን ፀጉሯን እንድትሠራት ጠየቀቻት። ሰገነት "በስልክ ፀጉር ይታያል እንዴ?" ብላ እያሾፈች፣ ዕንባዋን በትከሻዋ እየጠረገች ሠራቻት። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ የምትለውን ስታወጣና ስታወርድ ዋለች።

"በአጭሩ ነው አይደል የሚወደው?" አለች ጓዴን።

"ነገ እንደፈለግሽ ተናገሪ። በሰፊው ብሏል።"

"በሰፊው አለ?" ፈገግ አለች። "እንግዲያው የቱን ላስቀድም?"

የቱን ለማስቀደም እንደወሰነች ጓዴ አላወቀም። ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ሰገነት ገንፎ ልታቀምሳት ቀና ስታደርጋት፣ ይርገዱ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰችና እህቷ እጅ ላይ ቀረች።

ቀብሯ ቢቸና ነውና ይማም ፒካፑን አዘጋጀ። በጋቢ ከፍነው ከኋላ አሳረፏት፤ ጓዴ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ሰገነት በወዲያኛው ጎን። ደብረ ወርቅን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ የጓዴ ስልክ ጮኸ። ከሰዓት ነበር። ሰገነት ጓዴን አየችው። ጓዴ አነሳው።

"አባ፣ እንዴት ዋላችሁ? አሁን ነፃ ነኝ፤ ሰው እንዳይገባ በሩን ዘግቻለሁ። እማን ያገናኙኝ።"

ጓዴ ጋቢውን በእጁ ዳሰሰ። ሞት በስልክ አይነገርም፤ ለልጅማ ጭራሽ።

"አባ? መኪና ላይ ናችሁ እንዴ?"

"ተኝታለች" አለ ጓዴ።

"አይ፣ እንግዲያው አይቀስቅሷት። ስትነሳ ይደውሉልኝ፣ ዛሬ ሌላ ሥራ የለኝም።"

ይህን ሲሰማ ጓዴ ስልኩን ጭኑ ላይ ጣለና ጋቢው ላይ ተደፋ። ይማም መኪናውን ዳር አስያዘ፤ ወርዶ ስልኩን አነሳው።

"ስጦታው፣ ይማም ነኝ የሞጣው። ሥራህን ለሰው አስረክብና ና። ወደ ቢቸና ና።"

"ጋሽ ይማም፣ ምንድን ነው? እማ ናት?"

"ና ልጄ። ና ብቻ።"

ከስልኩ የወጣውን የስጦታውን ጩኸት መንገድ ዳር ያጭዱ የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ሰምተው ቀና አሉ።

ሌሊት መንገዱ ስለማይኬድ ስጦታው በማግሥቱ ሲነጋ ተነሣ። ዓባይ በረሃ ላይ ግን መኪናው ሁሉ በፍተሻ ቆሞ ዋለ። ቢቸና ሲደርስ፣ ሲጠብቀው የዋለው ቀባሪ ከጊዮርጊስ ተመልሶ ድንኳን ውስጥ እጁን እየታጠበ ነበር።

እንግዳው በሳሳ ሰዓት አባትና ልጅ ብቻቸውን ሆኑ። ስጦታው ስልኩን ይዞ፣ የአባቱን መልእክት ከፍቶ ያነበዋል፣ ይዘጋዋል፣ መልሶ ይከፍተዋል።

"አባ" አለ በመጨረሻ፣ "ለምን አስቸኳይ ነው ብለው አልጻፉልኝም?"

ጓዴ "አትረብሸው ያለችኝ እሷ ናት" ማለት ይችል ነበር። እውነትም ነው። ግን ልጁ ይህን ቃል ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞት እንዲኖር አልፈለገም።

"እኔ ነኝ" አለ። "ሲመችህ ይሁን ብዬ ነው።"

ስጦታው አባቱ ጉልበት ላይ ተደፋ። "እኔ ነኝ ያስተማርኩዎት፣ አባ። እኔው ነኝ" ይላል። ጓዴ ጀርባውን ይዳብሰዋል እንጂ አይደለም አላለውም፤ ነውም አላለውም።

ተዝካሯ ከወጣ በኋላ ስጦታው አባቱን ይዞት ሊሄድ ለመነው። ጓዴ አልሄደም። በረንዳውን ከፈተ፣ የከረመ የሰው ልብስ ነበረበት፤ ያንን ይሰፋል። አሁን ስጦታው በየቀኑ ይደውላል፤ ጠዋት፣ በክፍል መሀል፣ ከስብሰባ ወጥቶም። ጓዴ እግሩን ከመኪናው ፔዳል አንሥቶ ያናግረዋል።

"እንዴት አደሩ አባ?"

"ደህና ነኝ። አንተስ?"

"ደህና ነኝ።"

ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ጊዜ አላቸው፤ አንዱም ስልኩን መዝጋት አይፈልግም። የሚወራውን የምታውቀው ይርገዱ ነበረች።