ቀበሮው የከሰሰበት ካርቱን

እሱባለው የማይወዳቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የካርቱን ናፋቂዎችን ያህል የሚንቀው ግን የለም። ደብረ ብርሃን ላይ ቴሌቪዥን በሚጠግንባት ጠባብ ቤት በር ላይ አርባ ዓመት የሞላው ቦርጫም ቆሞ ስለ ልጅነቱ ካርቱን ዓይኑን እያሻሸ ሲያወራ ደሙ ይፈላል። የተበላሸ ነገር ካላመጣህ በሩን ልቀቅልኝ ይለዋል።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ከጎረቤላ መጥቶ ቪዲዮ ቤት ሲቀጠር፣ ሥራው የውጭ ካርቱን በአፉ እየተረጎመ፣ ከፍለው የሚገቡት ሕፃናት ሰልችተው እንዳይወጡ ማድረግ ነበር። እንግሊዝኛ ግን አይችልም፤ ትምህርቱን ያቋረጠው ከአራተኛ ክፍል ነው። ቀበሮ አውራ ዶሮ ሲያሳድድ ያያል፤ ለምን እንደሚያሳድደው ከየት ይወቅ? የቤቱን ጣጣ አመጣው። አጎቱ የአባቱን ማሳ ድንበር ገፍቶ፣ አባቱ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ነበር የሞተው። እናም ቀበሮው ከሳሽ፣ አውራ ዶሮው ድንበር ገፊ ሆኖ ቁጭ አለ። ዶሮው አጥር ላይ ወጥቶ በጮኸ ቁጥር እሱባለው ከጎን ሆኖ ይግባኝ ይልለታል። የሰፈሩ ሕፃናት በብይ ሲጣሉ ሳይቀር ይግባኝ እየተባባሉ አደጉ።

ከእነሱ አንዱ ባየው ነው፤ ዛሬ ጠበቃ ሆኗል። ሕግ የተማረው ያንን ካርቱን አይቶ መሆኑን በየሠርጉ ይናገራል፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ተናግሯል፣ እንደ ቁም ነገር። እሱባለው ይንቀዋል። ቢንቀውም ግን አንድ ነገር ውስጡን ይበላዋል፦ ይህን ሁሉ ሰው የሚያስለቅሰው ተረት የእሱ መሆኑን አንድ ሰው ቢያውቅለት ይወዳል። ያኔ እንጀራው እንዳይቋረጥ ፈርቶ ደበቀ፤ በኋላ ደግሞ የሚጠይቀው አጣ።

ዘንድሮ ካርቱኑ ፊልም ሆኖ ወጣ ተባለ። ባየው አዳራሽ ተከራይቶ ጓደኞቹን ሰበሰበ፤ እሱባለውንም በክብር እንግድነት ጠራው። ቅዳሜ ከሰዓት ደህና ኮቱን ለብሶ ሄደ። የልጆች አባቶች ቀበሮ የተሳለበት ከነቴራ ቦርጫቸው ላይ ወጥረው፣ ፈንዲሻ እየተሻሙ ደረሰባቸው። ሚስቶቻቸው አፍረው ከኋላ ተቀምጠዋል።

ፊልሙ ንግግሩን የሚተረጉም የአማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ ነበረው። ድንበር የለ፣ ዳኛ የለ፤ ቀበሮው ዶሮውን የሚያሳድደው ርቦት ነው። ሲያልቅ አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ አበላሹት አለ፤ ሌላው ለፊልም ሠሪዎቹ አቤቱታ እንጻፍ አለ። ባየውማ ተነሥቶ፣ የመጀመሪያው ካርቱን ደራሲ ፍትሕ ያጣ ሰው ሕመም የገባው ታላቅ ሰው እንደነበረ ተናገረ።

እሱባለው ኮቱን አስተካክሎ ተነሣ።

«ደራሲው እኔ ነኝ» አለ። «እንግሊዝኛ አልችልም ነበር። ክሱን ከራሴ ነው የፈጠርኩት። ቀበሮው አባቴ ነው።»

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ባየው መጥቶ ትከሻውን አቀፈው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጎበዝ አስተርጓሚ ነበሩ፤ ውለታዎን አንረሳም» አለው። «እንዲህ ያለውን ለመፍጠር ግን መማር ያስፈልጋል።»

ከዚያ ለአስተርጓሚያችን ይጨብጨብ ተባለ። ዕድሜውን ሙሉ የናቃቸው ሰዎች፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እያጨበጨቡ ናቁት።